በርኖስና የማኅበራችን ሣር

ውሻ ቤት አይገባም። ይህን ለእኔ ለመንገር አትድከሙ። ሞላሌ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ውሾቹ ራሳቸው ያውቁታል። ውሻ ደጅ ይበላል፣ ደጅ ይጮኻል፣ ደጅ ያድራል፤ ቤት ውስጥ ከተገኘ በእርግጫ ይወጣል። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ እኔም ያ ክረምት እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ ሳደርግ ነው የኖርኩት። ያ ክረምት ግን ጭብጥ የምታህል ቡችላ ይዞብኝ መጣና ከሚስቴም፣ ከማኅበረተኛውም፣ ከገዛ ክብሬም ጋር አናነቀኝ።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በአያ ደጀኔ ነው። ውሻቸው ወልዳ ነበር። ሐምሌ መግቢያ ላይ ጅብ እየተመላለሰ ቡችሎቹን ለቃቅሞ በላና አንድ ብቻ ቀረ። አያ ደጀኔ ዝናቡ መሐል በጋቢያቸው ሸፍነው አመጡትና የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ አደረጉት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኪናዋ በረንዳው ላይ ናት፣ ቤቴ ደግሞ ከበረንዳው ኋላ ያለችው አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ ናት።

«እንካ፣ ያንተ ነው» አሉኝ።

«ምን ላድርገው አያ ደጀኔ?»

«እኔ ምን አውቄ! ደጅ ካደረ ግን ነገ የለም።»

ጥቁር ነው፤ ጠጉሩ ከመብዛቱ የተነሣ ዓይኑን ካላገኛችሁ ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ አታውቁም። አዲስ የተሠራ በርኖስ፣ ያ የአገራችን ጥቁር የሱፍ ካባ፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ ስሙንም ያኔውኑ በርኖስ አልኩት። ብርዱ እያንቀጠቀጠው ሽቅብ ሲያየኝ አንጀቴን በላው። እኔና ባለቤቴ እታገኝ ከተጋባን ቆይተናል፣ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልን ብዬ አይደለም። ቤታችን ጸጥ ያለ ቤት ነበር ለማለት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የሚንጫጫ ነገር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

እታገኝ ቡችላውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው።»

«ውሻ መሆኑንማ አያለሁ! እቤቴ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

እኔ መልስ ሳስብ በርኖስ ራሱ መለሰላት። ምድጃው አጠገብ ሄደ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ ከዚያ እዚያው ሸና። እታገኝ ያንን ወለል በዚያው ጠዋት ነበር በእበት የለቀለቀችው።

እዚህ ላይ አንድ ሞኝነት ሠራሁ። «እታገኝዬ፣ ወለሉ እኮ ራሱ እበት ነው፤ የዚች ጠብታ ነገር ምን ያስቆጣል?» አልኳት። አፌን ምን እንደከፈተው እግዜር ይወቅ። የላም እበትና የውሻ ሽንት ማን እኩል እንዳደረገው፣ እናቷ ቤት ውስጥ ውሻ ዓይታ እንደማታውቅ፣ የኔ እናት ቤት ግን ምን ይገባ እንደነበር እንደማታውቅ፣ ይህን ሁሉ ድስቱ አንድ ጊዜ ፈልቶ እስኪገነፍል ድረስ ነገረችኝ።

ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። የሚካኤል ማኅበር አለን። በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ እየደገስን ጽዋ እንጠጣለን፤ የመስከረሙ ተራ የኛ ነበር። የነፍስ አባታችን መምሬ ጥላሁን መጥተው ይባርካሉ፣ የማኅበሩ ሙሴ ባሻ ወርቅነህ ይመራሉ፣ ሰዉ ሁሉ የእታገኝን ጠላ ቀምሶ፣ ቤቷን ዓይቶ ይሄዳል። እታገኝ ይህን አሰበችና ፍርዷን ሰጠች።

«እሺ፣ ለጅብ ስጠው አልልህም። እስከ ማኅበሩ ዕድሜ ሰጥቼዋለሁ። መምሬ በተቀመጡበት መሬቴን ካረጠበ ግን ያንኑ ቀን ለመርሐቤቴው ሰውዬ ትሰጥልኛለህ።»

የመርሐቤቴው ሰውዬ ጥጥ ይዞ ለገበያ የሚወጣ ነጋዴ ነው፤ ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅለት ውሻ ካገኘ እንደሚወስድ ለሞላሌ ሰው ሁሉ ተናግሯል። ይህን ሁሉ ጠጉር ተሸክሞ ቆላ! በርኖስ እዚያ ወር የሚከርም አልመሰለኝም። ስለዚህ ማልኩ። «ሚካኤልን! መስከረም ሲደርስ ይህ ውሻ እንኳን ሊሸና ቤት ውስጥ አያስነጥስም። ያን ቀን ካጠፋ በገዛ እጄ ወስጄ እሰጠዋለሁ» አልኩ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካልኩ አልኩ ነው፤ መንዜ ነኝ።

አያ ደጀኔን ምክር ጠየቅሁ። «አፍንጫውን እዚያው ላይ ደፍቀው» አሉኝ። ደፈቅሁት። አስነጠሰ፣ ፊቴን ላሰኝ፣ ጨዋታ መስሎት ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ሸናና እንድደፍቀው ጠበቀኝ። ይህ መንገድ እንደማያዋጣ ገባኝ።

ቀጥሎ የበቅሎ ቃጭል አንገቱ ላይ አሰርኩበት። በረንዳው ላይ ሆኜ ስሰፋ፣ ከኋላዬ ቃጭሉ ሲንቀሳቀስ ሰምቼ እሮጣለሁ ነው ሐሳቤ። ሰምቼም ሮጥኩ። ውሻ ማለት ግን ሲያክክም የሚንቀሳቀስ፣ ሲያልምም የሚንቀሳቀስ ፍጥረት መሆኑን ረስቼው ኖሯል። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር መርፌውን ጨርቅ ላይ ተክዬ ስሮጥ የአንዱን ደንበኛዬን እጅጌ መውጫ አሳጥቼ ሰፋሁት። ሰውዬው ኮቱን ሲለብስ እጁ የሚወጣበት ቢያጣ እጅጌው ውስጥ ሆኖ ያማኝ ጀመር። በዚያ ላይ ቃጭሉን ከመንገድ የሰማ ሁሉ በቅሎ የገዛሁ መስሎት «እንኳን ደስ ያለህ!» እያለ ጎራ ይላል። በቅሎዋን አሳየን ሲሉኝ ከማልቀስ በቀር ምን ላድርግ? ቃጭሉን ፈታሁት።

ከሁሉ የከፋው ግን የባሻ ወርቅነህ ኮት ነው። ባሻ ማለት አንገታቸው የማይዞር፣ የሚዞሩ ከሆነ ከነትከሻቸው የሚዞሩ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ገበሩን እንድቀይርላቸው ሰጥተውኝ በርጩማው ላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። በርኖስ በርጩማው ላይ ወጣ። መውጣት መቻሉን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ወጣና ገበሩንም ሳይለይ፣ ኪሱንም ሳይለይ አረጠበው። አጠብኩት፣ እሳት ላይ ሰቀልኩት፣ ቸኩዬ አቀረብኩት መሰለኝ አንዱ ጥግ ጠቆር አለ። ባሻ ሲመጡ ኮቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ይሄ ኮት ምን ምን ይላል?»

«ጭስ ነው ባሻ፣ በክረምት ምን ይደረግ።»

እንደገና አሸተቱ። ከዚያ ከነትከሻቸው ዞረው በርኖስን አዩት። እሱ ደግሞ ጅራቱን እየቆላ የኮቱን ጫፍ ያሸታል፤ የገዛ ንብረቱን እንዳየ ሰው ነው የሚያደርገው። ባሻ ኮቱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ቀዘቀዘብኝ።

እልህ ያዘኝ። ያን ዕለት መኪናዋን ሸፈንኩና ቁጭ ብዬ ከልቤ አሰብኩ። ውሻው ወለሉን የሚያበላሸው ወለሉ ብቻ ስላለው ነው፤ ሌላ ቦታ ይሰጠው! ከአጥሩ ሥር ጥሩ ሣር አለ። ከእንቅልፉ ሲነቃ እዚያ፣ ሲበላ እዚያ፣ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ መዞር ሲጀምር ደግሞ አፍሼ ወደዚያ። ዝናብ ዘነበ፣ በረዶ ወረደ፣ ወይ ፍንክች! ሰው እየለካሁ ከሆነ ሜትሬን ደንበኛው አንገት ላይ ትቼ እሄዳለሁ። በርኖስ ግን ሣሩ ላይ ሲደርስ ረስቶት ትል ይፈልጋል። ተገትሬ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ዝናቡ አጥንቴ ድረስ ሲገባ ጊዜ ምናልባት አልገባው ይሆናል ብዬ፣ እናንተው ሰው ናችሁና ልደብቃችሁ አልችልም፣ ግራ ቀኙን አየሁና ሱሪዬን ፈትቼ አጥሩ ሥር ራሴ አሳየሁት።

«ልጄ፣ ምን እያስተማርከው ነው?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ሰማሁ። መምሬ ጥላሁን ናቸው፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ቆቤን አወለቅሁ። «ደጅ መውጣት ነው አባቴ» አልኳቸው።

«በርታ» ብለውኝ መስቀላቸውን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ፤ ተሳለምኩ። በርኖስ ደግሞ ያኔውኑ እግሬ ሥር ሣሩን አጠጣው። የመምሬ በረከት ይሁን የኔ ማሳየት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ገባው።

ገባው ስላችሁ ደግሞ እንደ ዋዛ አይደለም። በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል፤ ሲከፈትለት ዝናቡን ሰንጥቆ ሣሩ ላይ ይደርሳል፤ ጨርሶ ይመለሳል። ነሐሴ ሙሉ አንዲት ጠብታ ቤት ውስጥ አልታየችም። እታገኝም አንዳንዴ እኔ የማላይ ሲመስላት የወጧን ድስት ታስልሰው ነበር።

በመሐል አንድ ነገር ሆነ፤ ያኔ ልብ ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። አያ ደጀኔ ዝናብ ሲመታቸው ከደጅ ገቡና ገሳቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ጣሉት። ገሳ መቼም ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው። በርኖስ ተነሣ፣ ገሳውን አሸተተ፣ በደስታ ሸናበት። እኔ ምን አልኩ? «ዝናብ ነው አያ ደጀኔ፣ እሱ አይደለም» አልኩ። ገሳው እርጥብ ነበርና ማንም አላወቀም። የፈረደበት ዝናብ ተሰደበና አለፈ።

መስከረም ሚካኤል ደረሰ። እታገኝ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ጋግራ፣ ወለሉን ለቅልቃ ጨርሳለች። የቀረው መጎዝጎዣ ነው። ቄጤማ የሚታጨድበት ወንዝ ሞልቶ አያስጠጋም። «ሣር አምጣልኝ፣ ወፍራም አድርገህ ጎዝጉዝ» አለችኝ። ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። ሞላሌን ብትዞሩ የኔን አጥር ሥር የመሰለ ለምለም ሣር አታገኙም ነበር። ጉልበቴ ድረስ ደርሷል፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ በሌላ ቦታ ያለው ከሱ ጋር ሲተያይ ቢጫ ይመስላል። ለምን እንዲህ እንደለመለመ አልጠየቅሁም። ሙልጭ አድርጌ አጨድኩና ቤቱን ከጓዳው መግቢያ እስከ በር እንደ ፍራሽ ጎዘጎዝኩት።

ማኅበረተኛው ገባ። መምሬ መደቡ ላይ ከፍ ብለው፣ ባሻ ከጎናቸው፣ ሌላው በየበርጩማው፣ ቦታ ያጣው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መምሬ ጸሎት አድርሰው ባረኩ፣ ጽዋው ዞረ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ባሻ እንኳ ለሰለስ አሉ።

«ሣርህስ እንዴት ያምራል! ከየት አገኘኸው?» አሉና አንዲት ወፍራም አገዳ መዝዘው ጥርሳቸውን ይጎረጉሩባት ጀመር።

ደስታዬ ወሰን አጣ። እንደዚያ ስፈነጥዝ ነው አፌ ያመለጠኝ። «ባሻ፣ ይኸው በርኖስን ቤት ውስጥ አሳደግነው። አንዲት ጠብታ የለም። ዛሬ ለማኅበሩ ላሳያችሁ» ብዬ ጓዳ የታሰረውን ውሻ ፈትቼ አመጣሁት።

በርኖስ ገባ። ቆመ። አፍንጫውን ወደ ሣሩ አደረገ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። ዝናብ የለ፣ ብርድ የለ፣ ያ ሁሉ ሣሩ ቤቱ ድረስ መጥቶለታል። ቤቱ መሐል፣ ከባሻ እግር ፊት ለፊት ቆመና፣ እኔ እንዳስተማርኩት፣ ሳይቸኩል ጨረሰ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እንዳመሰግነው ወደ እኔ መጣ።

ጠላ ወደ አፉ ያስጠጋ ሁሉ ዋንጫውን መለሰ።

«ይሄ ውሻ!» አሉ ባሻ አገዳዋን እንደነከሱ፤ «ጽዋ ባለበት! መምሬ ባሉበት! ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ!»

እታገኝን አየኋት። ጠላ መቅጃዋን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ቃሌ ትዝ አለኝ። የመርሐቤቴው ሰውዬ ደግሞ ያንኑ ቀን አያ ደጀኔ ቤት አርፎ ነበር። አጎንብሼ በርኖስን አቀፍኩት። አገጬን ላሰኝ፤ ምን እንዳጠፋ አያውቅማ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ ማኅበረተኛ ፊት ነኝ፣ እንባዬ ግን መጣ። ምሎ የሚቀር ሰው አይደለሁምና ወደ በሩ ሄድኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ቆምኩ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ያልቆመበት አገር አይደለም። ያለችው እታገኝ ናት።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ቃሌ ነው እታገኝ። ሰጥቼው ልምጣ።»

«ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር። አባቴ፣ ይፈቀድልኝ።» መምሬ አንገታቸውን ነቀነቁ። እሷም መቅጃዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ መሐል ገብታ ቆመች። አባቷ በየችሎቱ ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው መሆኗን ያን ዕለት አየሁ። «እኔ ያልኩት መሬቴን ካረጠበ ነው። መሬቴ ይታይልኝ!»

መምሬ ከመደቡ ወረዱ። ተንበረከኩና ሣሩን በሁለት እጃቸው ገለጡ፤ ይገልጣሉ፣ ይገልጣሉ፣ እኔ የጎዘጎዝኩት መቼ አልቆ! መጨረሻ ላይ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«ይመዝገብልኝ!» አለች እታገኝ፣ መዝጋቢ ያለ ይመስል። «ሁለተኛ፣ ይሄ ውሻ ነሐሴን ሙሉ በዝናብ በበረዶ ከአጥሩ ሥር ካለው ሣር ላይ በቀር የትም ሸንቶ አያውቅም። ዛሬም ቦታውን አልሳተም። ቦታው ነው ወደሱ የመጣው! ይሄን ሣር ከየት ነው ያጨድከው? ለማኅበሩ ተናገር!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ከ… ከአጥሩ ሥር» አልኩ።

ነገሩ እስኪሰርጽ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ሣሩ ላይ የተቀመጠው ማኅበረተኛ ሁሉ ብድግ አለ። ጋቢውን የሚያሸት፣ እጁን ግድግዳ ላይ የሚጠርግ፣ አንዱ የወደቀበትን ዳቦ አንሥቶ በልቶ ስለነበር ደጅ ወጥቶ የሚተፋ። ባሻ ወርቅነህ አልተነሡም። አገዳዋን ከጥርሳቸው መሐል ቀስ አድርገው አወጡ፣ አዩዋት፣ በጣታቸው ጠርተውኝ እጄ ላይ አኖሯት።

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ አያ ደጀኔ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ሳቁ ሲበርድ ፍርድ ሰጡ። «ውሻው የተማረውን ነው ያደረገ፤ ነጻ ነው። አስተማሪው ግን ጥፋተኛ ነው፤ ሲያስተምርም በዓይኔ ዓይቻለሁ። ሣሩ ይውጣ፣ ቤቱ በጠበል ይረጭ፣ አስተማሪው ደግሞ ማኅበሩን ከተራው ውጭ አንድ ጊዜ ደግሶ ይካስ።»

እታገኝ መጥታ በርኖስን ከእጄ ተቀበለችኝ። ከመጣ ጀምሮ በእጇ ስትነካው አላየኋትም ነበር። አቀፈችውና፣ «ወይ የኔ ምስኪን፣ ሰውየው አሳስቶህ እኮ ነው» አለችው።

ባሻ ግን ኮታቸውን ደርበው፣ ደኅና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ወጡ። የጥቅምቱ ተራ የሳቸው ነበር፤ ጽዋው ወደ ቤታቸው ሄደ። ወሩን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ከረምኩ። ጥቅምት ሚካኤል ቀን በርኖስን አስሬ፣ እታገኝን አስከትዬ ሄድኩ። ከባሻ በር ስንደርስ ከኋላችን አንድ ነገር ይተነፍሳል። ገመዱን በጥሶ መጥቷል! ልመልሰው ስል ባሻ ብቅ አሉ። እኔን አዩ፣ ከነትከሻቸው ዞረው እሱን አዩ።

«ግቡ» አሉ። «እሱም ይግባ።»

ገባን። ወለሉ ባዶ ነው። አንዲት ዘለላ ሣር የለችበትም፤ ተጠርጎ፣ ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ተወልውሏል። ማኅበረተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የባሻ ቤት ያለ ጉዝጓዝ ጽዋ ሲጠጣ ማንም ዓይቶ አያውቅም።

«ዘንድሮ ሣሩ ጠፋ» አሉ ባሻ ማንንም ሳያዩ።

ሣሩ በደጃቸው ጉልበት ድረስ ቆሟል። ሁላችንም እንዳላየን ሆነን ተቀመጥን። ጽዋው ተባርኮ መዞር ሲጀምር በርኖስ ከእታገኝ እግር ሥር ተነሣ፣ ወለሉን አሸተተ፣ በር ላይ ሄዶ ቆመና አለቀሰ። ባሻ ራሳቸው ተነሥተው ከፈቱለት። በሩን ይዘው ወደ ደጅ እያዩ ቆሙ፤ ጨርሶ ተመልሶ በእግራቸው መሐል ሲገባም፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ጎበዝ» አሉት።